በጓሮዎ የበቀለውን ለየት ያለ ሞስ ደረጃ በደረጃ መለየት

ሐምሌ ላይ የብሎኬቱ አጥር፣ የአሸንዳው ሥርና የጎመን መደቡ ዳር አረንጓዴ ሲለብሱ ማንም አይገረምም። ዓይን የሚይዘው ከዚያ አረንጓዴ መሃል የተለየ ነገር ሲወጣ ነው፤ በሊሾው ስንጥቅ ውስጥ ብር የመሰለ ጉብታ፣ ለድግስ እሳት በነደደበት ቦታ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ቀይ ፀጉር፣ በግድግዳ ላይ ብርቱካናማ ከፋይ፣ ወይም ትናንሽ ጽዋዎች የተሸከመ ጠፍጣፋ ነገር።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን ግኝት ከቤት ሳይወጡ እስከ ወገኑ (ተቀራራቢ ዝርያዎች እስከሚሰበሰቡበት ክፍል)፣ አንዳንዴም እስከ ዝርያው ድረስ ለመለየት ነው። ከመጀመሪያው አንድ ነገር ይያዝ፤ ጓሮ ውስጥ እንግዳ የሚመስለው ሞስ አብዛኛውን ጊዜ በብዙ አገር የታወቀ ዝርያ ነው። እንግዳ ያስመሰለው መድረቁ፣ ፍሬ ማውጣቱ ወይም የበቀለበት ነገር ነው። ስለዚህ ስም ከመፈለግ በፊት ደርቆም ረጥቦም ማየት፣ የበቀለበትንም መመዝገብ ይቀድማል። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው ግማሽ ቀን ፎቶ ሲያመሳስል ውሎ የተሳሳተ ስም ይዞ ይገባል።

ስለ ስያሜው ጥቂት እንበል። በልማድ «የድንጋይ ሽበት» ወይም «የዛፍ ሽበት» ሲባል ሞሱም ላይከኑም በአንድ ስም ይጠራሉ። ለመለየት ግን መነጣጠል አለባቸው። እዚህ ሞስ የምንለው ግንድና ቅጠል ያለውን፣ እውነተኛ ሥር የሌለውን፣ አበባም ዘርም የማያወጣውን፣ በስፖር፣ ማለትም እንደ ዱቄት በደቀቀ የመራቢያ ቅንጣት፣ የሚራባውን ትንሽ ተክል ነው። በዓለም ላይ 12,000 ያህል የሞስ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ግን ጥቂቶቹን ብቻ ነው የሚያገኙት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ዋናው ዕቃ 10 እጥፍ የሚያጎላ አነስተኛ አጉሊ መነጽር ነው። 20 እጥፍ የሚያጎላ ሁለተኛ ቢኖር የቅጠል ጫፍና የቅጠል ጠርዝ ለማየት ይጠቅማል፤ በ20 ብቻ መጀመር ግን ስህተት ነው፣ የሚታየው ቦታ ጠባብ ስለሆነ የተክሉ ጠቅላላ መልክ ያመልጣል። ብዙ ሰው መነጽሩን ከዓይኑ አርቆ ይይዝና «ምንም አይታይም» ይላል። አያያዙ እንዲህ ነው፦ መነጽሩን ከዓይንዎ ጋር ያስጠጉ፣ ከዚያ ናሙናውን ወደ መነጽሩ ያቅርቡ። በ10 እጥፍ ናሙናው ከመነጽሩ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲርቅ ይጠራል፤ በ20 እጥፍ ደግሞ ከ1 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ሲበልጥ። ጀርባዎን ለፀሐይ አይስጡ፣ ጥላዎ ናሙናው ላይ ይወድቃል።

ከዚህ ሌላ ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ፣ ትንሽ ቢላ፣ የውሃ መርጫ፣ ነጭ ሳህን፣ ሚሊ ሜትር ያለው ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ጥቂት የኤ4 ወረቀቶችና አንድ ማንኪያ አቼቶ ያዘጋጁ። እርሳስ የተባለው በምክንያት ነው፤ እስክርቢቶ በእርጥብ ወረቀት ላይ ይፈሳል።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ሞስ ነው?

አንድ ቁንጣሪ በወረንጦ ያንሱ፣ ነጩ ሳህን ላይ ያድርጉ፣ ውሃ ያንጠባጥቡበትና በመነጽር ይዩት። ግንድና ግንዱን የከበቡ ጥቃቅን ቅጠሎች ከታዩ፣ ከግርጌው ቡናማ ፀጉር መሰል ክሮች ካሉት፣ መንገዱን ይዘዋል። ክሮቹ ሪዞይድ ይባላሉ፤ ተክሉን ከመሬት ወይም ከድንጋይ ጋር ያያይዙታል እንጂ እንደ ሥር ምግብ አይስቡም። ሞስ ውሃን የሚጠጣው በገላው ሁሉ ነው። በድንጋይና በቆርቆሮ ላይ መኖር የቻለውም ለዚህ ነው።

ቅጠል ከሌለ ሌላ ነገር ይዘዋል ማለት ነው። በጓሮ ውስጥ «እንግዳ ሞስ» ተብለው የሚቀርቡት ነገሮች አብዛኞቹ እዚህ ተለይተው ስለሚወጡ በዚህ ላይ ጊዜ መስጠት ያዋጣል።

በግድግዳ ወይም በዛፍ ቅርፊት ላይ ብርቱካናማ ወይም የዛገ ቀይ፣ ሲነኩት ዱቄት ወይም ከፋይ የሚመስል ከሆነ ትሬንተፖሊያ የሚባል አልጌ (ግንድ፣ ቅጠልና ሥር የሌለው፣ ምግቡን ከብርሃን የሚሠራ ቀላል ሕይወት) ሊሆን ይችላል። በዘር ሐረጉ ከአረንጓዴ አልጌዎች ነው፤ ካሮትን የሚያቀላው ዓይነት ቀለም በውስጡ ስለተከማቸ ነው አረንጓዴው የተሸፈነው። ብዙ ሰው የግድግዳው ቀለም የተበላሸ ወይም ዝገት የወረደበት ይመስለዋል። ዝገት ከብረቱ ጀምሮ ወደ ታች በመስመር ይወርዳል፤ አልጌው ግን እርጥበት ያለበትን ቦታ ሁሉ ያለብሳል።

ዝናብ ከዘነበ በኋላ ጠጠር ላይ ወይም በተረገጠ መሬት ላይ የወይራ ቀለም ያለው፣ የሚንቀጠቀጥና የሚያሙለጨልጭ ጄሊ ካገኙ ኖስቶክ ነው። ይህ ሳያኖባክቴሪያ፣ ማለትም ምግቡን ከብርሃን የሚሠራ ባክቴሪያ፣ ሲሆን ሲደርቅ ወደ ጥቁር ቅርፊትነት ይቀየራል፤ በበጋ መኖሩ አይታወቅም፣ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ግን ከሰማይ የወረደ እስኪመስል ድረስ ብቅ ይላል።

ላይከን ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት አካል ነው። ሲደርቅ ግራጫ፣ ቢጫ ወይም ነጭ ሲሆን ሲረጥብ ወደ አረንጓዴ ይጠጋል፣ ይህም ያሳስታል። ነገር ግን ግንድና ቅጠል የለውም፤ እንደ ቀለም የተለጠፈ፣ እንደ ተሸበሸበ ወረቀት የተነሳ ወይም እንደ ጢም የተንጠለጠለ ነው። ከጥድና ከወይራ ቅርንጫፍ ላይ የሚንጠለጠለው፣ ከማገዶ እንጨት ጋርም ወደ ግቢ የሚገባው ግራጫ አረንጓዴ ጢም አብዛኛውን ጊዜ ኡስኒያ የተባለ ላይከን ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ አንዱን ክር ያርጥቡና በሁለት እጅ ቀስ አድርገው ይሳቡት። የውጪው ቆዳ ሲቆራረጥ በመሃሉ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ነጭ ክር ከታየ ኡስኒያ ነው። በዝናባማ የደጋ ደኖች የሚንጠለጠሉ እውነተኛ ሞሶችም ስላሉ ፈተናውን አይዝለሉት፤ እነዚያ በመነጽር ሲታዩ ዙሪያቸውን ቅጠል ነው።

ሊቨርወርት የሞስ የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው ቅጠል አልባ፣ መሬት ላይ የተለጠፈ፣ ጫፉ በየጊዜው ለሁለት የሚከፈል አረንጓዴ ጥብጣብ ነው። ማርካንሺያ ከሆነ ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ላዩ በመነጽር ሲታይ እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ክፍሎች የተከፋፈለ፣ በእያንዳንዱ ክፍል መሃል አንዲት ቀዳዳ ያለች ነው። ላዩ ላይ ክብ ጽዋዎች ይይዛል፤ በውስጣቸው ያሉት አረንጓዴ እንክብሎች የዝናብ ጠብታ ሲመታቸው ተፈናጥረው ሌላ ተክል ይሆናሉ። ጽዋው ሙሉ ክብ ሳይሆን ግማሽ ጨረቃ ከሆነ ሉኑላሪያ ነው፤ ከሜዲትራኒያን አካባቢ ተነስቶ ከችግኝና ከአበባ ማሰሮ ጋር ብዙ አገር የደረሰ ነው። ችግኝ ከገዙ በኋላ በማሰሮው አፈር ላይ የወጣ ጠፍጣፋ አረንጓዴ ካለ መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን ይጠርጥሩ። በእርጥብ መሬት ላይ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነች፣ እንደ ጽጌረዳ ክብ ሆና የተዘረጋች ትንሽ ከሆነች ሪቺያ ናት።

ሁለተኛው መልክ ቅጠላማው ሊቨርወርት ነው፤ ከሞስ ጋር በጣም የሚምታታው ይኸኛው ነው። ልዩነቱን በሦስት ነገር ይዩ። ቅጠሎቹ በግንዱ ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ይደረደራሉ፣ ብዙ ጊዜም ከግንዱ ሥር ሦስተኛ የትናንሽ ቅጠሎች ረድፍ አለ። የቅጠሉ መሃል ጅማት የለውም፣ ጫፉም ብዙ ጊዜ ክብ ወይም ለሁለት የተከፈለ ነው። የስፖሩ ዘንግ ደግሞ ነጭና ልፍስፍስ ሆኖ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወድቃል፤ የሞስ ዘንግ ግን ጠንካራ ነው፣ ሳምንታትና ወራት ይቆማል።

ግንዱን ሲስቡት የማይበጠስ፣ ሥር ያለው፣ ቅርፊት መሰል ቅጠሎች የደረደረ ተክል ደግሞ ሰላጂኔላ ሊሆን ይችላል። ሞስ አይደለም፣ ወደ ፈርን (ሥርና ትልልቅ ላባ መሰል ቅጠል ወዳለው፣ አበባ ወደማያወጣው ተክል) የሚጠጋ ነው። ትንሽም ብትሆን አበባ ካዩ የሞስ ጉዳይ እዚያው ያበቃል።

አንድ የሚያታልል ነገር ቀርቷል። እንደ ቀጭን አረንጓዴ ጨርቅ መሬት ላይ የተነጠፈ፣ በመነጽር ክር ብቻ የሚታይበት ነገር አልጌ ሊሆን ይችላል፤ ገና የበቀለ ሞስም ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም የሞስ ስፖር መጀመሪያ የሚያወጣው ክር ነው። ቦታውን በድንጋይ ምልክት አድርገው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይመለሱ፤ ሞስ ከሆነ ጥቃቅን ቅጠላማ እምቡጦች ይወጡበታል።

ከመንካትዎ በፊት የበቀለበትን ይመዝግቡ

የበቀለበት ነገር ከስሙ ግማሹን ይነግራል። የሚመዘገበው እነሆ፦ አፈር ነው፣ ሲሚንቶ፣ የተፈጥሮ ድንጋይ፣ ሕያው ግንድ፣ የበሰበሰ እንጨት፣ ወይስ አመድ? ፀሐይ ያገኘዋል? ስንት ሰዓት? ውሃው ከየት ይመጣል፣ ከዝናብ ብቻ ወይስ ከሚያንጠባጥብ ቧንቧ? ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል? የቦታውን ከፍታም ከስልክዎ ላይ ይጻፉ፤ በ2,400 ሜትር አካባቢ ያለው አዲስ አበባና በ1,200 ሜትር አካባቢ ያለው ድሬዳዋ አንድ ዓይነት ሞስ አይጠበቅባቸውም።

ድንጋዩ ኖራ ያለው መሆኑን ካላወቁ ከሞሱ አጠገብ ባዶ ቦታ ላይ ሁለት ጠብታ አቼቶ ያድርጉ። ከተንተከተከ ኖራ አለበት። ኖራ የሚወዱና ኖራ የሚሸሹ ሞሶች ስላሉ ይህች ትንሽ ፈተና ብዙ እጩዎችን ታስወጣለች። አቼቶውን ሞሱ ላይ አያድርጉ። በረኪና በፈሰሰበት ቦታም ፈጽሞ አይሞክሩት፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

የቆርቆሮ ጉዳይም ልብ ይባል። አዲስ ቆርቆሮ የተለበጠበት ዚንክ በዝናብ እየታጠበ ሲወርድ ሞስ ይጎዳል፤ ስለዚህ ከጣሪያው ጠብታ በሚወርድበት መስመር ላይ መሬቱ ባዶ ሆኖ ከጎኑ አረንጓዴ ቢያዩ አይገረሙ። ጣሪያው አርጅቶ ልባጡ ሲያልቅ ሞሱ ይመጣል።

ናሙና አወሳሰድ

ከጠቅላላው ጉብታ ሩቡን ሳይሻገሩ 3 በ3 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ቁራጭ ይበቃል። ቢላውን ከሥሩ አስገብተው ከነትንሽ አፈሩ ያንሱ፤ ጫፍ ጫፉን መቀንጠስ ሪዞይዱንና የታችኞቹን ቅጠሎች ያስቀራል። ዘንግና ፍሬ ያለበትን ክፍል ይምረጡ። ግድግዳውን በበረኪና ለማጠብ ካሰቡ ናሙናው ይቅደም፤ ከታጠበ በኋላ የሚቀረው የነጣ ፍርስራሽ አይለይም።

ናሙና በፌስታል አይቀመጥም። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይሻግታል፣ ሻጋታው የቅጠሉን ጠርዝ ይበላዋል። የወረቀት ፖስታ እንዲህ ይሠራል፦ ኤ4 ወረቀት ቁመቱን ይዘው ያስቀምጡ፤ የታችኛውን ጠርዝ ከላይ 5 ሴንቲ ሜትር እስኪቀር ድረስ ወደ ላይ ያጥፉ፤ ሁለቱን ጎኖች 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ያጥፉ፤ በመጨረሻ የቀረውን 5 ሴንቲ ሜትር እንደ ክዳን ወደ ፊት ይመልሱ። 16 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ሙጫ የማይፈልግ ፖስታ ያገኛሉ። ክዳኑ ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ የበቀለበትንና ስምዎን በእርሳስ ይጻፉ። ናሙናው ከመግባቱ በፊት ይጻፉ፤ በኋላ ሲጽፉ እርሳሱ ይዘቱን ይጨፈልቃል።

ጥላ ውስጥ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ማስጣት አያስፈልግም። የደረቀ ሞስ ለዓመታት ይቆያል፤ በፈለጉት ጊዜ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነክሩት መልኩ ተመልሶ ይዘረጋል። የዕፅዋት ሙዚየሞች የሚሠሩት በዚህ ነው።

ደረቅና እርጥብ፦ ወሳኙ ፈተና

ከናሙናው ሁለት ሦስት ግንድ ሙሉ በሙሉ የደረቀ ይውሰዱ። በመነጽር ሲያዩ ቅጠሎቹ ምን ሆነዋል? ግንዱ ላይ ተለጥፈዋል? እንደ ጠጉር ተጠቅልለዋል? ጠርዛቸው ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ቱቦ ሠርቷል? ወይስ ከእርጥቡ ብዙም አልተለወጡም? ይጻፉ፣ ፎቶ ያንሱ። ከዚያ አንድ ጠብታ ውሃ ያድርጉና ዓይንዎን ሳይነቅሉ ይጠብቁ። አንዳንዱ በሰኮንዶች ውስጥ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ደቂቃዎች ይወስዳል። ይህ ለውጥ ራሱ መለያ ነው።

በበጋ ጥር ላይ የታየ ጥቁር ወይም ቡናማ ሞስ ሞቷል ማለትም አይደለም። ብዙ ሞሶች ሲደርቁ ሥራቸውን አቁመው ይቆያሉ፣ ውሃ ሲያገኙ ይነሳሉ። «በጓሮዬ ጥቁር ሞስ በቀለ» የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይመለሳል።

የአበቃቀሉ መልክ

ሞሶችን በመጀመሪያ ለሁለት መክፈል ሥራውን ያቀላል። አንደኛዎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ እምብዛም አይቀረንፉም፣ ተጠጋግተው ትራስ ወይም ጉብታ ይሠራሉ፤ የፍሬው ዘንግ ከግንዱ ጫፍ ይወጣል። ሁለተኛዎቹ ተኝተው ይሳባሉ፣ በየጎኑ ይቀረንፋሉ፣ ስጋጃ ወይም ላባ ይመስላሉ፤ ዘንጉም ከጎን፣ ከአጭር ቅርንጫፍ ላይ ይወጣል። በሲሚንቶ፣ በስንጥቅና በባዶ አፈር ላይ ያለው አብዛኛው ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ በዛፍ ግንድና በጥላ ሥር የተነጠፈው ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው። ፍሬ ከሌለ ጉብታውን በእጅ ለሁለት ይክፈሉት፤ ግንዶቹ ጎን ለጎን እንደ ጥርስ ብሩሽ ከቆሙ የመጀመሪያው፣ ተጠላልፈው እንደ ክር ከተያያዙ ሁለተኛው ነው።

ቅጠሉ

አንድ ግንድ አርጥበው ጫፉን በጣትዎ ይያዙ፣ በወረንጦ ከላይ ወደ ታች ይሳቡ፤ ቅጠሎቹ ከነመሠረታቸው ይላቀቃሉ። ወደ ላይ ከሳቡ ይቀደዳሉ። ከግንዱ መካከል ያሉትን አምስት ስድስት ቅጠሎች ብቻ ይመርምሩ፤ የጫፎቹ ገና ልጆች ናቸው፣ የታችኞቹ አርጅተዋል።

ርዝመቱን ይለኩ። የመሃሉ ጅማት አለ? ካለ እስከ የት ይደርሳል፤ መሃል ላይ ይቆማል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ወይስ አልፎ ፀጉር ሆኖ ይወጣል? ጠርዙ ለስላሳ ነው ወይስ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው? የብዙ ሞሶች ቅጠል ውፍረት አንድ ሕዋስ ብቻ ስለሆነ ወደ ብርሃን ሲያነሱት እንደ መስታወት ያሳልፋል፤ ጅማቱ ጎልቶ የሚታየው ለዚህ ነው። ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራምና ጠጣር ቅጠል ካጋጠመዎ እሱ ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነው፣ ፖሊትሪኩምና ዘመዶቹን ይጠቁማል።

ፍሬው፦ ዘንግ፣ ሙዳይ፣ ክዳን፣ ቆብ

ሞስ አበባ የለውም፤ ከላዩ የሚወጣው ቀጭን ዘንግና በጫፉ ያለችው ትንሽ ዕቃ የስፖር ማስቀመጫው ናቸው። ያቺን ዕቃ ሙዳይ ብንላት ይስማማታል፣ እንደ ሙዳይ ክዳን አላትና። በለጋነቷ ከክዳኑ በላይ ቆብ ደፍታ ትታያለች። ስፖሩ ሲበስል ቆቡ ይወድቃል፣ ከዚያ ክዳኑ ይወልቃል፣ ከሥሩ የጥርስ ቀለበት ይታያል፤ ጥርሶቹ በእርጥበት ለውጥ እየተንቀሳቀሱ ስፖሩን ይለቃሉ።

የሚመዘገበው የዘንጉ ርዝመትና ቀለም፣ ሙዳዩ ቆሞ ወይም ተዘቅዝቆ መሆኑ፣ ክብ፣ ረጅም፣ ባለ ማዕዘን ወይም ዕንቁ መሰል መሆኑ፣ ቆቡ ፀጉራም መሆን አለመሆኑ ነው። አንዱን ብቻ አይዩ፤ በለጋው ቆብ፣ በበሰለው ክዳን፣ ባረጀው ጥርስ ይታያል፣ ሦስቱም ዕድሜ ከአንድ ጉብታ ላይ አይጠፋም። ፍሬ ከሌለ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ተመልሰው ይፈትሹ። ያለ ፍሬ እስከ ዝርያ ለመድረስ መቸኮል የስህተት ሁሉ በር ነው።

በጓሮ የሚያጋጥሙ፣ እንግዳ የሚመስሉ

ብርማው ጉብታ። በሊሾ ስንጥቅ፣ በኮብልስቶን መገጣጠሚያ፣ በግንብ ራስ ላይ ያለ፣ ሲደርቅ ብር የሚመስል፣ ቁመቱ 1 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ከሆነ ብሪዩም አርጀንቴዩም ነው ለማለት ትልቅ ምክንያት አለ። የከተማ አቧራና ርግጫ የሚችል፣ በሁሉም አህጉር ያለ ሞስ ነው። ጥቃቅን ቅጠሎቹ እርስ በርስ ተደራርበው ግንዱን እንደ ለስላሳ ክር ያደርጉታል። ብርማነቱ የመጣው የቅጠሉ የላይኛው ክፍል አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው ነው፤ ውሃ ሲነካው አረንጓዴው ጎልቶ ይወጣል። ፍሬ ካወጣ ሙዳዩ ወደ ታች የተዘቀዘቀ፣ ቀይ ቡናማ ነው።

የአመድ ቦታው ቀይ ፀጉር። ከሰልና አመድ በሚደፋበት ወይም ትልቅ እሳት በነደደበት መሬት ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ብርቱካናማ ቀይ ዘንጎች ከወጡ ፉናሪያ ሃይግሮሜትሪካን ይጠርጥሩ። ቅጠሎቹ እንደ ትንሽ እምቡጥ ተሰብስበው መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ዘንጉ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ሙዳዩ ጠማማ ዕንቁ ይመስላል፣ አፉም ወደ ጎን ያዘነበለ ነው፣ ሲደርቅ ይሸነተራል። ማረጋገጫው ማየት የሚገባው ነገር ነው፤ በደረቀው ዘንግ ላይ በአፍዎ እርጥብ ትንፋሽ ሲያወጡበት መጠምዘዝ ይጀምራል። ሁለተኛ ስሙን ያገኘውም እርጥበትን ከመለካቱ ነው። በዚያ ቦታ ለዘለዓለም አይቆይም፤ ሣርና ሌላ ተክል ሲመጣ ይለቃል። ስለዚህ ሲያገኙት ናሙና መውሰዱን ለነገ አያሳድሩ።

ትንሿ ጥድ። በጥላማ የአፈር ገደል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጠንካራ፣ የጥድ ችግኝ የሚመስል፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሆነ ከሆነ ፖሊትሪኩም ወይም ፖጎናቱም ነው። ፀጉራም ቆቡ ከሌሎች ይለየዋል። በአንዳንዱ ግንድ ጫፍ ላይ ቀይ ቡናማ አበባ መሰል ጽዋ ይታያል፤ አበባ አይደለም፣ የወንዴው ሕዋስ የሚወጣበት ነው፣ የዝናብ ጠብታ እየመታ ወደ ሴቴዋ ይረጨዋል። ሁለቱን ወገኖች ያለ ማይክሮስኮፕ መለየት ይከብዳል፤ ሙዳዩ ባለ አራት ማዕዘን ከሆነ ወደ ፖሊትሪኩም፣ ድብልብል ከሆነ ወደ ፖጎናቱም ያጋድላል።

ጠፍጣፋው ላባ። በቦይ ዳር ባለ እርጥብ አፈር ላይ፣ ቅጠሎቹ በሁለት ረድፍ ብቻ ተደርድረው እንደ ጥቃቅን ፈርን የሚታይ ከሆነ ፊሲደንስ ነው። ቅጠላማ ሊቨርወርት እንዳይመስልዎ፤ የመሃል ጅማት አለው፣ በተጨማሪም የእያንዳንዱ ቅጠል መሠረት ለሁለት ተከፍሎ እንደ ኪስ ግንዱን ያቅፋል። ኪሱን አንዴ ካዩ ሁለተኛ አይሳሳቱም።

የሲሚንቶው ቱቦ። ሞቃት በሆነ አካባቢ በእርጥብ የሲሚንቶ ግድግዳ ላይ ያለ፣ ሲደርቅ የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ጥቁር አረንጓዴ ቱቦ የሚሆን፣ ውሃ ሲነካው ወዲያው እንደ ምላስ የሚዘረጋ ከሆነ ሃዮፊላን ያስቡ።

በሞሱ መካከል የበቀለ ቡናማ ወይም ብርቱካናማ ትንሽ እንጉዳይም ያጋጥማል። የሞሱ አካል አይደለም። ጋለሪና በሚባለው፣ በሞስ መካከል በሚበቅለው የእንጉዳይ ወገን ውስጥ ገዳይ ዝርያዎች አሉ፤ ልጆች እንዳይነኩት ይጠንቀቁ፣ በፍጹም አይበላም።

ስም ከመስጠትዎ በፊት የሚያሳስቱ ነገሮች

ቀለም ብቻውን መለያ አይደለም። አንዱ ዝርያ በጥላ ጥቁር አረንጓዴ፣ በፀሐይ ቢጫ፣ በድርቅ ቡናማ ይሆናል። በአንድ ጉብታ ውስጥም ሁለትና ሦስት ዝርያ ተቀላቅሎ መብቀሉ የተለመደ ነው፤ የአንዱን ቅጠል ከሌላው ፍሬ ጋር አጣምሮ የሌለ ተክል መፍጠር ቀላል ስለሆነ ዘንጉን ይዘው እስከ ግርጌው ይውረዱ፣ ቅጠሉን ከዚያው ግንድ ላይ ይውሰዱ። የስልክ መተግበሪያዎች ስም ሲሰጡ እንደ ፍንጭ ይያዙት፤ ለአበባ የሚሠሩትን ያህል ለሞስ አይሠሩም፣ መለያው በቅጠሉ ሕዋስ ውስጥ ያለን ነገር ከፎቶ ማግኘት አይችሉምና።

ወገኑ ላይ ደርሰው ዝርያው ከተያዘብዎ ማይክሮስኮፕ የግድ ነው። የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ 40፣ 100ና 400 እጥፍ ካጎላ ይበቃል። አንድ ቅጠል በውሃ ጠብታ ላይ አድርገው በመስታወት ይሸፍኑ፤ በቅጠሉ መሃል ያሉት ሕዋሶች ክብ ናቸው ወይስ ረጃጅም፣ ላያቸው ለስላሳ ነው ወይስ ጉብ ጉብ ያለበት፣ በቅጠሉ መሠረት ጥግ ያሉትስ ከሌሎቹ ይለያሉ? ለወፍራም ቅጠል በአዲስ ምላጭ ስስ አግድም ቁራጭ ይውሰዱ፤ በፖሊትሪኩም ቅጠል ላይ እንደ መጽሐፍ ገጾች የቆሙ አረንጓዴ ግድግዳዎች ይታያሉ፣ ውፍረቱም ከዚያ የመጣ ነው።

ለባለሙያ ሲያሳዩ

አምስት ፎቶ ያዘጋጁ፦ አካባቢው ከሁለት ሜትር ርቀት፤ ጉብታው ከማስመሪያ ጋር፤ አንድ ነጠላ ግንድ ደረቅ ሆኖ፤ ያው ግንድ እርጥብ ሆኖ በነጭ ሳህን ላይ፤ ሙዳዩ ከጎን። አጉሊ መነጽሩን በስልኩ ካሜራ ላይ ለጥፈው ስልኩን ከነመነጽሩ ወደ ናሙናው ሲያስጠጉ ጥሩ የቅርብ ፎቶ ይወጣል። እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ክርንዎን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ፣ ብልጭታውን ያጥፉ፤ እርጥብ ቅጠል ላይ ብልጭታ ነጭ ነጥብ ብቻ ያስቀራል።

ፎቶዎቹን በአይናቹራሊስት (iNaturalist)፣ ሰዎች ያገኙትን ተክልና እንስሳ በሚያጋሩበት የኢንተርኔት መድረክ፣ ላይ ከቦታውና ከበቀለበት ነገር ጋር ቢጭኑ ሞስ የሚያጠኑ ሰዎች ያዩታል። በአዲስ አበባ ደግሞ የአገሪቱ ብሔራዊ የዕፅዋት ሙዚየም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር አራት ኪሎ ይገኛል። ወደ ባለሙያ ሲሄዱ ፎቶ ብቻ ሳይሆን የደረቀውን ናሙና በፖስታው ይዘው ይሂዱ፤ መረጃ ያልተጻፈበት ናሙና ግን የቱንም ያህል ብርቅ ቢሆን ለሳይንስ አይጠቅምም። ናሙናውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን እቤት ያስቀሩ፣ በሁለቱም ፖስታዎች ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይጻፉ፤ ስሙ ሲደርስዎ የትኛው ናሙና እንደሆነ በቁጥሩ ያገኙታል።